አራት ቀይ ጨርቅ

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ሥራውን ተቀበልኩ። የቀድሞ አየር ኃይል ባልደረቦች ማኅበር ለአዳራሹ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ይፈልጋል፤ በጦርነቱ ጊዜ ወጥታ ያልተመለሰችውን ተዋጊ አውሮፕላን፣ በጅራቷ ቁጥር ባለ 31 የምትባለውን። የማኅበሩ ጸሐፊ ሻለቃ ራሳቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው አነጋገሩኝ። ክረምት ስለሆነ ተማሪ የለም፤ የሥዕል ክፍሉን ቁም ሳጥን እየጠረግኩ ነበር። «የመካኒኩ ልጅ አንቺ ነሽ አሉኝ» አሉ። ነኝ አልኩ። አባባ የባለ 31 መካኒክ ነበር። ስለ እሷ ሲያወራ ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ሥዕሉ ነሐሴ 19 መሰቀል አለበት። ያን ቀን ከወደቀች አርባ ሦስት ዓመት ይሞላታል። የልደቴ ማግስት ስለሆነ ቀኑ አይጠፋኝም።

ራት ላይ ለአባባ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሌላ ሰው ይሳለው።»

«ለምን?»

«አውሮፕላን ከባድ ነው። አንቺ ሃያ ዓመት ሙሉ የልጆች ብርጭቆና ሙዝ ስታርሚ ነው የኖርሽው። ብርጭቆ አይበርም።»

ስቄ አለፍኩት። እምቢ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ሁለተኛ አይመጣልኝም፤ ስለዚህ ያልገባኝ መሰልኩ።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ሻለቃ ፎቶውን በአቃፊ አድርገው አመጡ። ጥቁርና ነጭ ነው። በዚያው በመጨረሻው ጠዋት የጦር ሰፈሩ ፎቶ አንሺ ያነሳው ነው። አውሮፕላኗ መቆሚያዋ ላይ ናት፤ የመስታወት ክዳኗ ተከፍቷል፣ መሰላል ተደግፎባታል፣ የአብራሪው ወንበር ባዶ ነው። ከክንፏ ሥር ሁለት ሰዎች ተንበርክከዋል። ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት አንድ ረጅም ወጣት ቆሞ እጁን ሽቅብ አንስቷል። እጁ ላይ የተንጠለጠሉ ጨርቆች አሉ።

ጨርቆቹ ምን እንደሆኑ ሻለቃ አስረዱኝ። አውሮፕላን መሬት ላይ ስትሆን ጎማዋ እንዳይታጠፍ፣ መሣሪያዋም እንዳይተኩስ በየቦታው ማገጃ ፒን ይሰካባታል። ፒኑ ተረስቶ እንዳይቀር በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ከመነሳቷ በፊት መካኒኩ ሁሉንም ይነቅልና ለአብራሪው ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፤ አብራሪው ይቆጥራል፣ አውራ ጣቱን ያነሳል፣ ይሄዳል። ሳይቆጠር የሚሄድ የለም።

«ወንበሩ ላይ ልጁን አስቀምጪልኝ» አሉ። ልጁ የሚሉት አብራሪውን ነው፤ ጓደኛቸው ነበር። «ባዶ ወንበር ለጀግና አይሆንም።»

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ሸራውን ወጠርኩ። ሁለት ሜትር በሜትር ከሃያ። የጓዳውን በር ከማጠፊያው ካልነቀልኩ አይወጣም፤ ይህን ያሰብኩት ከወጠርኩ በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ነጩን መሠረት ቀባሁ። ዝናብ።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

አባባ ሳይጠራ መጣ። ግድግዳውን እየዳበሰ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመና አሸተተ።

«ዘይት አብዝተሻል። አይደርቅልሽም።»

«የምታየው በአፍንጫህ ነው?»

«ሌላ ምን ቀረኝ?»

ከዓይኑ የቀረው ብርሃንና ጥላ ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሎ ጠዋትና ማታ የሚደረግ ጠብታ ሰጥቶታል፤ ያለቀው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት ነው አለ። ሸራው ላይ ያለውን ትልቁን ቅርጽ ግን ለየው። ጠጋ ብሎ ብዙ አየውና «ይሄ አፍንጫ ነው ወይስ ድንች?» አለኝ።

ከዚያ እጄን ይዞ ጠረጴዛው ላይ አስኬደው። ክንፏ ከሆዷ የምትወጣበትን፣ ጅራቷ የሚሾልበትን በእኔ ጣት ሣለው። እጁ አይንቀጠቀጥም። ማንም መምህር እንዲህ አስተምሮኝ አያውቅም። ድንቹን ፍቄ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ግራጫው አልደረቀም። የጠዋቱን ጠብታ ረሳሁ፤ በአራት ሰዓት ትዝ አለኝ። አባባም አላስታወሰኝም። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ዛሬ ስለ ሰዎቹ ጠየቅኩት።

«ረጅሙ ማነው?»

«ረዳቴ ነው። ቀውላላው ነበር የምንለው።»

«አንተስ የት ነህ?»

«ፈቃድ ላይ ነበርኩ።»

ቀጥሎ «ስንት ጨርቅ ይዟል?» አለኝ። በማጉያ መነጽር ቆጠርኩለት። አራት። «ልክ ነው» አለ፤ አንገቱን ነቀነቀ። ከክንፉ ሥር ያሉት ምን እየሠሩ እንደሆነ ስጠይቀው «ጎማ ያያሉ» ብሎኝ ወጣ።

ጎማው በስተግራ ነው። ሁለቱም የሚያዩት መሬቱን ነው። የማላውቀው የሥራ ደንብ ይኖራል ብዬ ተውኩት። አባባ ምሳ አልበላም፤ ሆዴን ነፋኝ አለ።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ቀዩ አልመጣልኝም። ፎቶው ቀለም የለውም። ሦስት ዓይነት ቀይ ደባለቅኩ፤ አንዱ ቲማቲም፣ አንዱ የጡብ አቧራ፣ አንዱ የከንፈር ቀለም ሆነ።

ኋላ የአባባ ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። ከአልጋው ራስጌ የምትቀመጥ የብስኩት ቆርቆሮ ናት፤ ውስጧ የእማዬ ቀለበት፣ የጡረታ ደብተሩና አንድ ጨርቅ የታሰረበት ፒን አለ። ልጅ ሆኜ ያን ፒን ለአሻንጉሊቴ ጅራት አድርጌው ነበር፤ አባባ በሕይወቱ የመታኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሲመታኝ እማዬ ደንግጣ አየችው። እሱም ራሱ ደነገጠ።

እሱ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ሲሰማ ፒኑን ለአንድ ሰዓት ወሰድኩት። ጨርቁ ደብዝዟል፣ ቋጠሮው ሥር ያለው ግን አሁንም ቀይ ነው። ቋጠሮውን ገለጥ አድርጌ አየሁና ቀለሙን አገኘሁት። አራቱን ጨርቆች በስፓቱላ ወፈር አድርጌ ለጠፍኳቸው፤ ከሸራው ወጣ ብለው ይታያሉ። ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

እትዬ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። ታላቄ ናት፣ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔ ስወለድ የነበረውን የምታስታውስልኝ እሷ ናት። ስለ ሥዕሉ ስነግራት፦

«አባባ ፈቀደልሽ?»

«አልከለከለኝም።»

«አንቺ ደግሞ መስማት የምትፈልጊውን ብቻ ነው የምትሰሚው፣ ሚጡ።»

እንደ ልማዷ ወሬውን ወደ ልጅነት መለሰችው። እኔ የተወለድኩ ዕለት አባባ ከሥራ ሮጦ ነው የመጣው አለች፤ ቱታውን እንኳ አላወለቀም ነበር። ዘይት ዘይት እየሸተተ ሲያቅፈኝ እማዬ ከአልጋዋ ሆና ተቆጣችው። «እሱ ግን ይስቅ ነበር። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው።»

ታዲያ ልደቴ ሲደርስ ለምን ራሱን ያመው እንደነበር ጠየቅኳት። በየዓመቱ ያመው ነበር፤ መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል፣ እኛም በእግር ጣታችን እንሄዳለን። የእሷ ልደት ላይ ኬክ ነበረ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች።

ልደት የልጅ ነገር ነው። አይቆጨኝም።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

ሻለቃ ሥዕሉን ሊያዩ መጡ፤ ወደዱት። አፍንጫዋን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ጨርቆቹን ቆጠሩ።

«አራት ነው ያደረግሽው።»

«ፎቶው ላይ አራት ነው፣ ሻለቃ።»

«የዚህች አውሮፕላን አምስት ነው። ምርቃቱ ላይ ስንት ጡረተኛ መካኒክ ይመጣል መሰለሽ? መጀመሪያ የሚቆጥሩት እሱን ነው። ሠዓሊዋ ተሳሳተች ይሉሻል።»

«ፎቶውስ?»

«ፎቶውን ማን ያየዋል? አንዱ ጨርቅ ከጣቱ ኋላ ተሸፍኖ ይሆናል። አምስት አድርጊው።»

አምስተኛውን ጨመርኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አባባ ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ አሸልቦ ነበር። አልነገርኩትም። ቢመጣም አያየውም።

ይህን ዓረፍተ ነገር መሰረዝ ነበረብኝ። ይቆይ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 7፣ ማክሰኞ

አብራሪውን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። የራስ ቁርና ጭምብል ስላለው ፊት መሳል አላስፈለገኝም። እፎይ። ቀዩ እስካሁን ይጣበቃል። አባባ ልክ ነበር፣ ዘይት አብዝቻለሁ።

አባባ በዚህ ሰሞን ጠብታውን ሳደርግለት እንኳ አይቀልድም።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

ዛሬ ብሩሽ አልያዝኩም።

ጠዋት ከአባባ ክፍል የሆነ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። ስገባ አባባ አልጋውን ከግድግዳው አርቆ በጉልበቱ ወለሉን ይዳብሳል። ቆርቆሮዋ ተገልብጣለች። የእማዬ ቀለበት ምንጣፉ ላይ ወድቋል።

«ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ምንም።»

«ንገረኝና ላግዝህ።»

«ምንም አልኩሽ!»

እኔም ተንበረከኩ። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ከአልጋው ሥር ጠረግኩ፣ ምንጣፉን ገለበጥኩ፣ ጫማዎቹን አራገፍኩ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አባትና ልጅ መሬት ለመሬት ተሳብን። ላብ አጥምቆታል። ከንፈሩ ሥር የሆነ ነገር ያጉተመትማል። ጠጋ ብዬ ሰማሁት፤ «አራት፣ አራት» ይላል።

ጉልበቴን አሞኝ ቀና ስል የሽርጤ ኪስ ጭኔን ወጋኝ። እጄን ሰደድኩ። ፒኑ።

ለአንድ ሰዓት ብዬ የወሰድኩት ሐምሌ 20 ነው። ሦስት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር፣ ይዤው ስስል፣ አሁን ደግሞ ይዤው ስፈልግ ቆይቻለሁ።

«አባባ፣ እኔ ጋ ነው። ለቀለሙ ወስጄው ኪሴ ውስጥ ረሳሁት። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ። እጁን ዘረጋ፣ አስቀመጥኩለት። ጨርቁን በጣቱ ተከትሎ እስከ ፒኑ ጫፍ ሄደ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን አልጋው ላይ አስደገፈ።

«ኪስሽ ውስጥ» አለ። «ኪስሽ ውስጥ ነበር።»

ያለቀሰ መሰለኝ፤ ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነበር። የትኛው እንደሚያስፈራ አላውቅም። «ነገ እነግርሻለሁ» አለኝ።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

ከቁርስ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። እንዳልረሳው በሙሉ እጽፈዋለሁ።

ነሐሴ 18 ከሰዓት በኋላ ባለ 31ን ለማግስቱ ያዘጋጅ ነበር። የአንዱን ጎማ ማጠፊያ ሊያይ ፒኑን ነቀለና ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ አይቶ ሲጨርስ ይመልሰዋል። በዚህ መሀል ከበሩ ተጠራ፤ «ሚስትህ ምጥ ይዟታል።» አለቃውን ለማስፈቀድ ሲሮጥ አብራሪው መንገድ ላይ አገኘውና «ሂድ፣ ምን ትቆማለህ፣ እኔ እነግርልሃለሁ» አለው። በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። ማታውን ተወለድኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አራት አውሮፕላኖች አብረው እንዲነሱ ታዘዘ። ቀውላላው ፒኖቹን ነቃቅሎ ሲያሳይ አራት ብቻ ሆኑ። አምስተኛው ወይ ሳይነቀል ቀርቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ወድቋል፤ ሞተሩ ቢውጠው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እስኪታወቅ አትነሳም፤ ደንቡ ይህ ነው። ቀውላላው አራቱን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ቆመ፤ ሰዎች ተንበርክከው መሬቱን ፈለጉ። ሦስቱ አውሮፕላኖች ተነስተው ሄዱ። በመጨረሻ አዛዡ መጥቶ የፒኑን ቀዳዳ በባትሪ አየ፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጠና ለቀቃት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገየች። ብቻዋን ተከተለቻቸው፤ አልደረሰችባቸውም። ጠላቶቹ ያገኟት ብቻዋን ነው።

አባባ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ በጭነት መኪና ሲመለስ እጁን ኪሱ ውስጥ አደረገ። «በሩ ጋ ስንደርስ ዘበኛው ባለ 31 አልተመለሰችም አለኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።»

ለማንም አልተናገረም። ፒን ጠፋብህ ተብሎ ቀውላላው ወደ መጋዘን ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ነክቶ አያውቅም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምስማር ሲቆጥር ኖረ። ከስምንት ዓመት በፊት ሲሞት አባባ ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሞ ተመለሰ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

«አራት ይዞ አምስት ማለት ይችል ነበር» አለኝ። «ጨርቁን ትንሽ ቢያወዛውዘው ማን ይቆጥራል? ልጁም ቸኩሏል፣ ይሄድ ነበር። ግን አልዋሸም። አራት ነው አለ። አንቺም አራት ስላደረግሽለት ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ ሥዕሉ ላይ ሐቀኛ ሆኖ ይቆማል።»

ያኔ ነው የሞትኩት።

«አምስት አድርጌዋለሁ፣ አባባ። ሻለቃ አዘዙኝ።»

«መቼ?» አለኝ። ነገርኩት። «እኔ ስተኛ?» አዎ አልኩ። ተነስቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ። ምነው በተቆጣኝ።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

አምስተኛውን ጨርቅ በስፓቱላ ፋቅኩት። አልደረቀም ነበርና በቀላሉ ለቀቀ። ዘይት ማብዛቴ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

አባባ ለአብራሪው ባለቤት እነግራታለሁ ብሏል፤ ከ19 በፊት፣ ፊት ለፊት። ለእትዬ ደወልኩ። «በስተርጅና ምን ነካው? የሞተ ላይነሳ። ሆድ ይፍጀው በዪው» አለች። ሻለቃ ደግሞ በስልክ ጮኹ። «ልጁ በጦር ሜዳ ነው የሞተው! በፒን አይደለም! ሴትየዋን አርባ ሦስት ዓመት ካረፈች በኋላ ልትቀሰቅሷት ነው?» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «አባትሽንስ? አዳራሽ ሙሉ ሰው ጣቱን ሲቀስርበት ትወጅዋለሽ?»

አልወድም። ይህን ለሻለቃ አልነገርኳቸውም።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

እኔ በማግስቱ ብወለድ ኖሮ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሰብኩት።

የሴትየዋ ስልክ ቁጥር ሻለቃ በተዉት አቃፊ ውስጥ፣ የእንግዶች ዝርዝር ላይ አለ። ቀኑን ሙሉ ሳየው ዋልኩ። ሰማዩን ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ የሚያስፈልገው አልነበረም። ወይም ምጡ ግማሽ ቀን ቢዘገይ። አባባ ከበረንዳው «ደወልሽ?» ይለኛል። መስመሩ አይሠራም እለዋለሁ። ወይም እማዬ ሰው ባትልክ፣ ጎረቤት ብትጠራ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ደወልኩ።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ

መጡ። በአውቶቡስ፣ ብቻቸውን፣ ጃንጥላ ይዘው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ ደጋግመው ጠረጉ። እማማ አልኳቸው። አባባ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ ነበር። ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ፣ ወንድሜ» አሉትና አጠገቡ ተቀመጡ።

ሁሉንም ነገራቸው። ከእኔ ጋር እንዳወራው አይደለም፤ እንደ ሥራ ሪፖርት፣ ሰዓት በሰዓት። ሲጨርስ ፒኑን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«አሥራ ሁለት ደቂቃ?» አሉ።

«አሥራ ሁለት።»

«ከስንት ሰዓት እስከ ስንት?»

«ከአሥራ ሁለት ከሩብ ጀምሮ ነው።»

እኔ የምይዘው አጥቼ ሽርጤን ይዣለሁ።

«እኔ ስልክ ቤት ነበር የምሠራው» አሉ። «ያን ዕለት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ማታውን ተጣልተን ነው የተለያየነው፤ ጦርነቱ እስኪያልፍ እናትሽ ዘንድ ሂጂ ብሎኝ እምቢ አልኩት። ሳይሰናበተኝ ወጣ። ጎህ ሲቀድ የጦር ሰፈሩ መስመር ጠራ። አነሳሁት፤ እሱ ነው።»

አባባ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ማታ ዳቦ አትግዢ፣ እኔ ይዤ እመጣለሁ አለኝ። ይቅርታ አላለኝም፤ ይቅርታ ከአፉ አይወጣም ነበር። ያንን ይቅርታ ብዬ ተቀበልኩት። ኋላ ለጓደኞቹ ስነግር አላመኑኝም። ለመነሳት የተዘጋጀ አብራሪ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ስልክ የሚደውልበት ጊዜ የለውም፣ ሐዘን ነው፣ ሕልም ነው አሉኝ። ሻለቃውም አንዱ ነበር። ሲደጋግሙብኝ እኔም ተጠራጠርኩ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጊዜውን ከየት አመጣው እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነው የኖርኩት።»

ተነስቼ ፎቶውን አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ጣታቸውን ባዶው ወንበር ላይ አሳረፉ።

«እዚህ የለም» አሉ። «ስልክ ላይ ነው።»

አባባ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ የተናገረው ነገር፣ አባባን የማያውቅ ሰው ቢሰማው ደረቅ ይለው ነበር።

«ስልኩ ያለው ከመቆሚያው ሩቅ ነው። በእግር አራት ደቂቃ ነው፤ ሄዶ መመለስ ስምንት። መውረዱና መውጣቱ ሲጨመር ለወሬ ጊዜ አይተርፍም። ሮጦ መሆን አለበት።»

«ያለከልክ ነበር» አሉ እማማ። «ለምን ታለከልካለህ ብዬው ነበር። አልመለሰልኝም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ፒኑን ተቀብለው ጨርቁን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከመነጽራቸው ማህደር አጠገብ አስቀመጡት። ሲወጡ ሥዕሉን አሳየኋቸው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ጭምብል የለበሰ ሰው ብዙ አዩትና «ይሄ ማነው?» አሉኝ።

ነሐሴ 17፣ ዓርብ

አብራሪውን አወጣሁት። ወንበሩን በስስ ቀለም ሣልኩ፤ ወፍራም ቢሆን ለእሑድ አይደርቅም። መሰላሉን አጠነከርኩት። አባባ ገብቶ «የቀውላላውን እጅ አሳዪኝ» አለ። ጣቱን ይዤ ጨርቆቹ ላይ አስኬድኩለት። ቆጠረ። ሦስተኛው ላይ የጣቱ አሻራ ታትሞ ቀረ። ላስተካክለው ብሩሽ አነሳሁና ተውኩት።

በሩን ከማጠፊያው ነቀልነው። ሥዕሉ ሄደ።

ነሐሴ 18፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ውስጥ ስንሰቅል ዋልን። ሻለቃ ባዶውን ወንበርና አራቱን ጨርቅ አይተው ቀሉ። «ምን አደረግሽ?» እማማን ይጠይቋቸው አልኩ። ወጥተው በስልክ አነጋገሯቸው። ሲመለሱ ሥዕሉ ፊት ቆሙ። «እኔ ነበርኩ ሕልም ነው ያልኳት» አሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ቀለሙ አልደረቀም፣ አይነካም» የሚል ወረቀት ራሳቸው ጽፈው ለጠፉ።

ዛሬ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም። ደክሞኛል።

ነሐሴ 19፣ እሑድ

አባባ ተናገረ። ማንም አልጋበዘውም፤ ክንዴን ይዞ ተነሳ። የቀውላላውን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጠራ፣ «ፒኑ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር» አለ፣ ሰውየው ያለ ጥፋቱ ተቀጣ አለ፣ ተቀመጠ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ነው የምትነግረን?» ብሎ ወጣ። አባባ ሰማው፤ «ልክ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። ሌሎች መጥተው ጨበጡት፤ ሁሉም አይደሉም። የቀውላላው ሴት ልጅ መጥታለች። አልጨበጠችውም። ሥዕሉ ዘንድ ሄዳ ወደ ላይ የተነሳውን የአባቷን እጅ ለብዙ ጊዜ አየች፣ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ስትወጣ ለአባባ «እጁን አሳምራዋለች» አለችው።

በታክሲ ተመለስን። አባባ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ስለነበር የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ትናንት አሥራ ስምንት ነበር» አለ።

«ነበር።»

«ስንት ሞላሽ?»

«አርባ ሦስት።»

እያወቀ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ከማንም በላይ የቆጠረው እሱ ነው። መዳፉን ዘረጋ፣ እጄን ሰጠሁት። ጣቶቹ ላይ ቀይ ቀለም አለ፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በሳሙናም አልለቀቀም።

«ስትወለጂ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። «ከእጄ ላይ ሊያወርዱሽ አልቻሉም። እንኳን ተወለድሽ።»

ሹፌሩ በመስታወት አየን። ቤት እስክንደርስ እጄን አልለቀቀም። ገብተን ጠብታውን አደረግኩለት።